የይበልጣል የፊልም ሚስት

ባለፈው ለዘመድ ሠርግ ብቸና ሰንብቼ ወደ ሞጣ ስመለስ፣ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ከሾፌሩ ራስ በላይ ቴሌቪዥን የተገጠመለት ነበር። ከተማውን ለቀን ብዙም ሳንርቅ ረዳቱ ፊልም ከፈተ። እኔ መንገድ ላይ ፊልም ማየት አልወድም፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ የጤፉን ማሳ እያየሁ ነበር። ድንገት የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። ንግግር አልነበረም። ለመናገር ሲል ጉሮሮውን የሚጠርግበት፣ መጀመሪያ ጠንከር ኋላ ለስለስ የሚል ድምፅ ነው። ቀና ብል ባሌ ይበልጣል ግራጫ ኮቱን ለብሶ ሰፊ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። አፈር ከለበሰ ዓመታት ያለፉት ባሌ፣ እዚያ ላይ ሆኖ ጋዜጣ ያነባል። አጠገቡ ፀዳለ አለች። ሁሌም አጠገቡ ፀዳለ አለች።

ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትመስላለች። ፈገግ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ እኚህን ሰውዬ ያውቋቸዋል? የሌሉበት ፊልም የለም እኮ።»

«አውቃቸዋለሁ» አልኳት።

«ስማቸው ግን ማን ነበር?»

«ይበልጣል።»

«አይ፣ እሱ እንኳ አይመስለኝም» አለችና ትንሽ አሰበች። «ብቻ የፀዳለ ባል ናቸው። በእውነትም ተጋብተው ነበር ይባላል።»

የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ አድርጌ ወደ መስኮቴ ተመለስኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ባሌ ከሞተ በኋላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ቀናሁ።

ይበልጣልን ያወቅሁት እዚያው ብቸና ነው። መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም፤ ወታደሩ ሁሉ ወደየቤቱ ተመልሶ፣ በገበያው ውስጥ የካኪ ካፖርት እንደ ልብ የሚገኝበት ጊዜ ነበር። ሴቱም ወንዱም ኮንጎ ጫማ ያደርጋል፤ ዝናብ ሲሆን ከየእግሩ ሥር ጩቅ ጩቅ ሲል ይሰማል። እኔ በአባቴ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቼ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። ፊት ለፊት ካሴት ቤት አለ። ባለቤቱ አዲስ ካሴት ሲመጣለት ቴፑን ደጅ አውጥቶ ክሩ እስኪላላ ድረስ አንዱን ዘፈን ያስጮኸዋል፤ እኔም የመኪናዬን ፔዳል ከዘፈኑ ጋር እረግጥ ነበር። አሁንም እጄ መርፌ ሲይዝ አንዳንዱ ዘፈን በእግሬ በኩል ይመጣብኛል። ዛሬ እዚያ በረንዳ ላይ የሞባይል ካርድ የሚሸጥ ልጅ ተቀምጧል፤ ካሴት ቤቱም ፎቅ ሆኗል፤ ለሠርጉ የሄድኩ ጊዜ ቆሜ አይቼው ልቤ ቅር አለው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ አዲሱ መምህር የወንድሙን ቦላሌ ሱሪ ተሸክሞ መጣ። ያ እንደ ቃጭል እታች የሚሰፋው ሱሪ ጊዜው አልፎበት ነበርና እንዳጠብብለት ፈለገ። «ነገ ና» ስለው እምቢ አለ፤ «ቆሜ እጠብቃለሁ» አለ። ቆመ። ቀኑ ሙቀት ነበር፤ ላቡ ከግንባሬ ወርዶ ዓይኔ ሊገባ ሆነ፤ ሁለት እጄ ደግሞ ጨርቁን ይዟል። ይበልጣል ዝም ብሎ ጎንበስ አለና በእጁ ጀርባ ግንባሬን ጠረገልኝ። ከዚያ ያንን የእጁን ጀርባ የራሱ ጉንጭ ላይ አስደግፎ ቆመ፤ የሆነ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው። አንድም ቃል አልተነፈሰም። ሱሪው ግን አንዱ እግር ከሌላው ጠቦ ተሰፋ፤ እንደዚያው ለብሶት ከረመ።

ቃል የማይወጣው ሰው ነበር። ከተጋባን በኋላም «እወድሻለሁ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። የእኛ አገር ወንድ እንዲህ አይልም፤ ቢልም ያኔ እኔው እስቅበት ነበር። የእሱ ነገር ያ እጁ ነው። እህል ስፈትግ፣ ምጥ ላይ ሆኜ፣ ከቀብር ስመለስ፣ ይመጣና በእጁ ጀርባ ግንባሬን ጠርጎ ጉንጩ ላይ ያሳርፈዋል። ያ ለእኔ ከብዙ ቃል ይበልጥብኝ ነበር።

የሚናገረው መድረክ ላይ ብቻ ነው። የከተማው ወጣቶች በአዳራሹ ቴአትር ሲያሳዩ ዘበኛ ወይ አሽከር ይሆናል። ዋናውን ሰው የሚሠሩት ቁመናም ድምፅም ያላቸው ናቸው፤ እሱ በር ይከፍታል፣ መብራት ያመጣል፣ ይወጣል። ለዚያች ለአንዷ ቃሉ ግን ሳምንት ሙሉ ጓሮ ገብቶ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰነብታል። «እንዲህ ለትንሿ?» ስለው፣ «ትንሽ ስለሆነች ነዋ፤ ብትበላሽ የምጠግንባት ሌላ የለኝም» አለኝ።

ሴት ልጃችን ማስተዋል እንደተወለደች ወደ ሞጣ ተዛወረ። እናቱንም ይዘን ሄድን። ገበያው አጠገብ ቤት ተከራይተን እኔ መኪናዬን ደጃፍ ላይ ዘረጋሁ። ከዚያ አንድ ክረምት ለኮርስ አዲስ አበባ ሄደ፤ አብሮት የሚማር ሰው ተዋናይ ወደሚመረጥበት ቦታ ወሰደው፤ ቀረ። መጀመሪያ እስከ መስከረም አለ፤ ከዚያ እስከ ገና አለ፤ ኋላም ማስተማሩን ተወ። እኔ ልከተለው አልቻልኩም። እናቱ አልጋ ላይ ውለዋል፤ የሚያገላብጣቸው ከእኔ በቀር አልነበረም። «እሳቸውን ይዘሽ አዲስ አበባ የት ትገቢያለሽ?» አለኝ፤ እውነቱን ነበር። በዓል በዓል ሲመጣ፣ ሲሄድ፣ ሲመጣ፣ ሲሄድ፣ ዕድሜያችን አለቀ።

ያኔ ሞጣ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር። ጭቃ ቤት ነው፤ መስኮቱ በጆንያ ይሸፈናል፤ መቀመጫው አጠና ነው። መግቢያው ሽልንግ ነበር፤ ለሴት ብዙም ቦታው አልነበረም። ይበልጣል ያለበት ፊልም መጣ ሲሉኝ ግን ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ባለቤቱ «መምህሩን ልታዪ ነው? ግቢ፣ አላስከፍልሽም» ብሎ ከፊት አስቀመጠኝ። ብዙ ጠበቅሁ። በመጨረሻ የአንድ ትልቅ ግቢ በር ተከፈተና ባሌ ካፖርት ለብሶ ብቅ አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቷል» አለ። በቃ። በሩ ተዘጋ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ ልጆች ተማሪ እያሉ ያስተማራቸውን መምህር አይተው አጠናው ላይ ዘለሉ። እኔ አለቀስኩ። ያን ቀን የቀናሁበት ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መቁጠር አይቻልም። ሾፌር ሆነ፣ ዳኛ ሆነ፣ የሰፈር ሽማግሌ ሆነ። ብዙውን ጊዜ ይሞታል። በጥይት ይሞታል፣ በመርዝ ይሞታል፣ መኪና ይገለበጥበታል፤ ዋናው ሰው እንዲያዝን መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው። ቴሌቪዥን ገዝቶ ያመጣልን ጊዜ እናቱ እሱ ሲሞት አይተው ጮኹ። «ፊልም ነው እማማ፣ ውሸት ነው» ብል፣ «ልጄ ሲወድቅ ዓይኔ አይቶ!» ብለው ፀጉራቸውን ነጩ። ከጎረቤት ስልክ ተደውሎ ድምፁን እስኪሰሙት ድረስ አልተረጋጉም። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ፊልም ላይ በሕይወት ሲያዩት ደግሞ እልል አሉ።

ፀዳለ የመጣችው ፀጉሩ መሸበት ሲጀምር ነው። በየሳምንቱ የሚታይ ድራማ ነበር፤ ዋናዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ እሱና እሷ የልጅቱ አባትና እናት ሆኑ። ሰው ወደዳቸው። ከዚያ በኋላ ፊልም የሚሠራ ሁሉ አባትና እናት ሲፈልግ ሁለቱን አንድ ላይ ይጠራል። ፀዳለ ደርባባ ናት፤ አንገቷ ረጅም፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ሻርፗን በአንድ ትከሻዋ ለቀቅ አድርጋ ትለብሰዋለች። ለእሷ ይናገራል! እኔ ቤት እራቱን በልቶ «ተመስገን» ብሎ የሚነሣው ሰው፣ ለእሷ ተቀምጦ ይናገራል። «ደከመሽ?» ይላታል። «ምን ሆነሻል ዛሬ? ፊትሽ ልክ አይደለም» ይላታል። እኔ ፊቴ ልክ ሳይሆን የኖርኩት ስንት ጊዜ ነው?

የገበያ ሴቶች አይምሩም። በርበሬ ስገዛ፣ «የሺ፣ ጣውንትሽ ትናንት እንዴት አምራ ነበር!» ትለኛለች አንዷ። ሌላዋ፣ «ኧረ እሷስ ትቅር፣ እሱ እንዴት እንደሚያያት አላየሽም?» ትላለች። አብሬ እስቃለሁ። እቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት እቆማለሁ። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ከሚመላለሱ ነጋዴዎች የእሷን የመሰለ ሽፎን ሻርፕ አስመጣሁ፤ በፋሲካ ሲመጣ በአንድ ትከሻዬ ለቀቅ አድርጌ ለበስኩት። ቁርጡን እየበላ ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄን ሻርፕ የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ» አለኝ። ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ሻርፑን ለማስተዋል ሰጠኋት፤ እሷም ጠላችው።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ቃሉ የሱ አይደለም፤ ሌላ ሰው ጽፎ የሰጠው ነው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። አንድ እሑድ ግን ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ድራማውን እያየን፣ ፀዳለ ልጅዋ ታማባት ምድጃ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። ይበልጣል ከኋላዋ መጣ። ምንም አልተናገረም። ጎንበስ አለና በእጁ ጀርባ ግንባሯን ጠረገላት። ከዚያ የእጁን ጀርባ ጉንጩ ላይ አስደግፎ ቆመ።

«ወይ ፍቅር!» አለች ጎረቤቴ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ጽሑፉን የጻፈው ሰው ይባረክ!»

እኔ ተነሥቼ ደጅ ወጣሁ። ማስተዋል ተከትላኝ መጣች። «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለች። ምን ልበላት? ይህን ለልጅ እንዴት ይነግሩታል?

በማግሥቱ እናቱን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ብቸናን አልፈን፣ ደጀንን አልፈን፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ስንወርድ ስንወጣ የምለውን አዘጋጅ ነበር። አዲስ አበባ የደረስኩ ለታ እህቴ ቤት አድሬ፣ በነጋታው ፊልም የሚሠሩበትን ቤት ጠይቄ አገኘሁት። ተከራይተውት ነው አሉ፤ ሳሎኑ ገመድ በገመድ፣ መብራት በመብራት ሆኗል። ይበልጣልና ፀዳለ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። የኮቱን ኮሌታ ታስተካክልለታለች። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«የሺ! ምነው፣ እናቴ...?»

«ደህና ናቸው» አልኩ።

«ባለቤቴ ናት» አላቸው ለሰዎቹ። ፀዳለ እጆቿን ዘርግታ መጣች። «ጣውንቴ!» ብላ አቀፈችኝ፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ሽቶዋ ልብሴ ላይ ቀረ። እኔ አልሳቅሁም።

ጥግ ላይ ወንበር ሰጡኝና ሥራቸውን ቀጠሉ። ይበልጣል ለእሷ፣ «አንቺን ባላገኝ ኖሮ ሰው አልሆንም ነበር» ማለት ነበረበት። አለ። ውሻ ጮኸና እንደገና በል አሉት። አለ። መብራቱ ተበላሸና እንደገና አሉት። ደግሞ አለ። በየጊዜው እንደ አዲስ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ሁሉንም ሰማሁ።

ከሰዓት የተከራያት ክፍል ሄድን። አልጋና ምድጃ ብቻ ያለባት፣ መስኮቷ ወደ ግድግዳ የሚያይ ክፍል ናት። ሻይ ጣደልኝ። እሱ ጀርባውን እንደሰጠኝ ተናገርኩ።

«ያ እጅ የእኔ ነበር» አልኩት።

ወዲያው ገባው። የቱ እጅ ብሎ አልጠየቀኝም።

«የሺ፣ ሚስቱን የሚወድ ሰው አሳየን አሉኝ» አለ። «ሌላ የማውቀው የለኝም። ከየት ላምጣ?»

«ቃል አልሰጠኸኝም፤ ሰጥተኸኝ የነበረው እሱን ብቻ ነው። እሱንም ወስደህ ለእሷ ሰጠሃት።»

«ለእሷ አይደለም። ለካሜራው ነው።»

«ግንባሩ የማን ነበር?»

ሻዩ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው። ኋላ፣ «ከእንግዲህ አላደርገውም» አለ። ቃሉንም ጠበቀ። ከዚያ ወዲያ ያንን እጅ በየትኛውም ፊልም ላይ አላየሁትም። ግን እኔም አላገኘሁትም። ለበዓል ሲመጣ ላቤ ሲወርድ ያያል፣ እጁ ይነሣል፣ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ወደ ኪሱ ይመለሳል። ሰው ፊት የቆመ ይመስለው ነበር መሰለኝ። ያንን እጅ ከፀዳለም ከእኔም ወሰደው።

እናቱ ካረፉ በኋላ አዲስ አበባ ልሄድ እችል ነበር፤ ግን «ና» አልኩት እንጂ «ልምጣ» ልለው አልፈለግሁም። እሱም ኩላሊቱ እስኪደክም አልመጣም። በመጨረሻ ሞጣ የገባው ከስቶ፣ ግራጫ ኮቱ ትከሻው ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ሆኖ ነው። መንገድ ላይ ሰዎች ያቆሙታል፤ አብረው ፎቶ ይነሣሉ፤ «ፀዳለ ደህና ናት?» ይሉታል። «ደህና ናት» ይላል፣ ወደ እኔ ሳያይ። አንድ ዝናባማ ጥዋት፣ ማስተዋልና እኔ ትራሱን እያስተካከልን፣ አረፈ።

ቀብሩ ላይ የነበረው ሰው ለትልቅ ባለሥልጣን የማይወጣ ነው። ከብቸና መጡ፣ ከግንደወይን መጡ፤ ያስተማራቸው ሁሉ መጡ። ከአዲስ አበባ ሚኒባስ ሙሉ ተዋንያን መጣ። ፀዳለ በጥቁር ልብስ ስትወርድ ሕዝቡ እንደ ማዕበል ወደ እሷ ተገለበጠ። ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ አቀፏት። ሽማግሌዎች «እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አሏት። ሞባይል ሁሉ ወደ ላይ ተነሥቶ ወደ እሷ ዞረ። ደግፈው ወደ ለቅሶው ድንኳን አምጥተው የእኔ ቦታ ላይ፣ ፎቶው ሥር አስቀመጧት። እኔ ወደ ድንኳኑ ምሰሶ ተገፋሁ።

«እማዬ፣ ላስነሣት» አለች ማስተዋል፣ ጥርሷን ነክሳ።

«ተያት» አልኳት።

አልቃሿ የአገሩ የታወቀች ሴት ናት፤ እኔንም ታውቀኛለች። ግን እሷም ሰው ናት፤ ዓይኗ ወደ ፀዳለ ሄደ። «አንገተ ረጅሟ» እያለች፣ ባልዋን እንደ ቀበረች ሴት በስሟ እየጠራች ግጥም ደረደረችላት። ፀዳለ ታለቅሳለች። እንባዋ እውነት ነበር፤ ያንን አልክድም። እኔን የገደለኝም እውነት መሆኑ ነው።

ምሰሶውን ለቅቄ ወደ መሀል ገባሁ። በሕይወቴ ሰው ፊት ድምፄን አንሥቼ አላውቅም። አልቃሿ ስታየኝ ዝም አለች። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ እንዲህ አልኩ፦

ለሰው ሁሉ ሞተህ ትነሣ ነበረ፤
የእኔ ተራ ሲደርስ መነሣትህ ቀረ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ከካህናቱ መሀል የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የቅኔ መምህር መቋሚያቸውን ይዘው ብድግ አሉ፤ «ኧረ ልጄ፣ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ያኔ ሕዝቡ እንደ አዲስ ፈነዳ። ሴቶቹ ወደ እኔ መጡ፤ የከበቡኝ ሴቶች እንባ አንገቴ ላይ ወረደ። ያ ሁሉ ዓመት ስንት ጊዜ ሲሞት አይተው የተነሣላቸው ሰዎች፣ እንደማይነሣ ያን ጊዜ ገባቸው።

በማግሥቱ ፀዳለ ልትሄድ ስትል ልትሰናበተኝ ገባች። ሜካፕ የለባትም። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም እንደማይርቅ ያየሁት ያኔ ነው። አጠገቤ ተቀምጣ ጣቶቿን ስታፍተለትል ቆየች።

«እትዬ የሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» አለች። «ያንን ግጥም ማን ጻፈልዎ?»

«ማንም አልጻፈልኝም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ብዙ አየችኝ። በዓይኗ ውስጥ ያለውን ነገር ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ስንት ዓመት መስታወት ፊት ቆሜ ያየሁት ነው።